ያስጎመጀኛል ያለችው እናኑ

ተረት ተረት። «የላም በረት» በሉኝ እንጂ፤ አፉን ዘግቶ የሚሰማኝ ልጅ አልወድም።

ድሮ ነው። በአንድ አገር ዝናብ ጠፋና እህል አለቀ። የቀረው የመንደሩ ዘር ብቻ ነበር፣ አንድ ስልቻ ገብስ። እሱ ከተበላ ለከርሞ የሚዘራ የለም፤ ሰው ያልቃል። የመንደሩ ጭቃ ሹም ዘሩን በአደራ የሚያስቀምጡበት ቤት ፈለጉ።

ደምሌ የሚባል ጉልበተኛ ነበር። «ደምሌ፣ ዘሩ አያስጎመጅህም?» አሉት።

«እኔን? ጥሬ አይቶ የሚጎመጅ ሕፃን ነው» አለ።

ስልቻው ተሰጠው። ዛሬ እፍኝ ቆረጠመ። ነገ ሌላ እፍኝ። ስልቻው ጎደለና ተነጠቀ።

አባ ሙላት የሚባሉ ጿሚ ሽማግሌም ነበሩ። «አባ፣ እርስዎንስ?»

«ኧረ ወዲያ። የሆዴ ጌታ እኔ ነኝ» አሉ።

ስልቻው ለእሳቸው ተሰጠ። እሳቸውም እፍኝ አሉ፤ ሌላ እፍኝ አሉ። ስልቻው አሁንም ጎደለ።

ተራው ባልም በሬም የሌላት የእናኑ ሆነ። «አንቺንስ?»

«ያስጎመጀኛል ጌታዬ። ልጄ ተርባለች፤ ገብስ ሲነሳ አፌ ምራቅ ይሞላል።»

ሰው ሳቀባት። «ታዲያ ሌባ ነሻ» አላት ደምሌ።

«መጎምጀት ሌላ፣ መስረቅ ሌላ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ። የተረፈውን ዘር ጎታዬ ውስጥ ጨምሩት፤ አፉን በጭቃ ልምረገው። ጭቃው ሳይደርቅ ሁላችሁም መዳፋችሁን አሳርፉበት። እሱን ሳላፈርስ እንዳልከፍተው።»

አሳረፉበት፣ ሕፃናቱም ሳይቀሩ።

ረሃቡ ጠና። ልጇ «እማ፣ ራበኝ» ብላ አለቀሰች። እናኑ ወደ ጎታው ሄደች፤ የጎረቤቷን መዳፍ አየች፤ ተመለሰች። ልጅቷ ደግማ አለቀሰች። እናኑ ሄደች፤ የሽማግሌዎቹን መዳፍ አየች፤ ተመለሰች። በሦስተኛው ልጅቷ ማልቀስም አቃታት። እናኑ ጥፍሯን ጭቃው ላይ ተከለች። ከጥፍሯ ሥር የአንድ ሕፃን መዳፍ ነበር፣ የልጇን የሚያክል። ጥፍሯን ነቀለች።

ልጇን አዝላ ወጣችና መንደሩ መሐል ቆመች። «ልከፍተው ነው። ያዙኝ» አለች። አላፈረችም።

ሰው ደነገጠ። ከዚያ አንዷ የሳማ ወጥ ጭላፊ አመጣች፤ ሌላው አንድ ጉንጭ ወተት። ልጅቷ ነፍስ ዘራች።

ዝናብ መጣ። ጎታው ተከፈተ፤ ዘሩ እንደተቀመጠ ነው። ጭቃ ሹሙም ፈረዱ፤ ደምሌና አባ ሙላት ከራሳቸው መሬት በፊት የእናኑን መሬት በበሬዎቻቸው አረሱ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው ልጆቼ። አልጎመጅም ያለው ስልቻ አጎደለ፤ ያስጎመጀኛል ያለችው አገር አተረፈች።

በሉ ተረቴን መልሱ። ዳቦውን ግን ከእጄ አርቁት፤ እኔም ሰው ነኝ።