የዘር ስደት

እኔ ባገባሁበት አገር፣ በአስታ ሜዳ፣ ሰው ሞቶ የአርባው ተዝካር ሲቃረብ፣ የጠላው ብቅል ከመነከሩ በፊት የሚደረግ አንድ ነገር አለ። የጎረቤት ሴቶች ስልቻ ስልቻቸውን ይዘው ይመጡና የሟችን ቤት የዘር ጎታ ከፍተው፣ ያለውን ገብስ አሟጠው ይዘውት ይሄዳሉ። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ሲያይ፣ «ምነው፣ ሐዘንተኛ በቁሟ ትዘረፋለች እንዴ?» ብሎ መደንገጡ አይቀርም፤ እኔም ሙሽራ ሆኜ የመጣሁ ሰሞን ደንግጫለሁ። ዝርፊያ ግን አይደለም። የዘር ስደት ይባላል። ገብሱ ጎረቤት ቤት ይሰነብትና የዘር ጊዜ ሲደርስ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል።

አጀማመሩን ሽማግሌዎች ሲያወሩ ትርንጎ ከምትባል ሴት ይነሳሉ። ትርንጎ የይርዳው ሚስት ነበረች። ይርዳው መንገደኛ ሳያሳድር የማያሳልፍ፣ እጁ የተፈታ ሰው ሲሆን፣ እሷ ደግሞ ዱቄት ቀድታ ስታበቃ የእንቅቡን ጠርዝ በመዳፏ መታ መታ አድርጋ የተጣበቀውን የምታራግፍ፣ ያላትን አውቃ የምትኖር ሴት ነበረች ይባላል። ባልንጀሮቹ፣ «ከዚህች ጋር እንዴት ትኖራለህ?» ሲሉት፣ «እኔ የማበላችሁ እሷ ያስቀመጠችውን አይደል እንዴ?» ይላቸው ነበር አሉ።

ታዲያ ውርጭ አዝመራውን በመታበት ዓመት፣ ይርዳው በበጋ ታሞ ሞተ፤ ትርንጎም ልጆቿን ታቅፋ ቀረች። በቤቷ የነበረው ጥቂት የሚበላ ገብስና አፉ በእበት የተለሰነ አንድ የዘር ጎታ ብቻ ነው። የሚበላው ለካህናቱና ለነዳያን የሚሆን መጠነኛ ተዝካር ያወጣል፤ ከዚያ አያልፍም። ይህንኑ ለባሏ ታላቅ ወንድም ለአሻግሬ ብትነግረው ነደደ።

«የይርዳውን ተዝካር በንፍሮ ልታሳልፊው? አገር ነው የሚጠራው! ያንን ጎታ ክፈቺው።»

«ኧረ አያ፣ እሱ እኮ ዘር ነው። እሱን ከበላን በሰኔ ምን እዘራለሁ? ልጆቹን ይዤ የሰው ደጅ ልጥና?»

«ሴት ባሏ ሲሞት ደረቷን ትመታለች። አንቺ ጎታ ታቅፈሽ ታለቅሻለሽ!»

ይህ ነገር አጥንቷ ድረስ ዘለቀ ይባላል፤ ይርዳውን ትወደው ነበርና። ግን ልጅ ሳለች የአባቷ ተዝካር የቤቱን ዘር ጨርሶት፣ መሬታቸው ጦሙን ሲያድርና እናቷ የሰው እህል እየፈጨች ስታሳድጋት አይታለች። አሻግሬ በነጋታው ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ጎታውን በገዛ እጁ እንደሚከፍተው ነግሯት ወጣ።

ጎረቤቷ ጠጅቱ በአጥሩ በኩል ሁሉንም ሰምታ ነበር። «አንቺ፣ ነገ ለጠላው ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ይመጡልሽ የለ? ታዲያ እንስራው ባዶውን ለምን ይወጣል?» አለቻት።

በነጋታው አሻግሬና ሽማግሌዎቹ የነፍስ አባትየው እስኪመጡ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ሴቶቹ እንስራቸውን እያዘሉ ከጓዳ ይወጡ ጀመር። አንዷ ጎብጣ ስታልፍ አሻግሬ አየና፣

«ምነው እቴ፣ ባዶ እንስራ እንዲህ ያጎብጣል?» አላት።

«ሐዘኑ ነው ጌታዬ። ሐዘኑ ከበደኝ» አለችው ይባላል።

ሴቶቹ ወንዝ የወረዱት በጠጅቱ ጓሮ ታጥፈው ገብሱን ከገለበጡ በኋላ ነበር። የነፍስ አባትየው ደርሰው ጎታው ሲፈተሽ፣ ውስጡ ከአቧራ በቀር ምንም አልተገኘም።

«ዘሩስ?» ብሎ ጮኸ አሻግሬ።

«ተሰደደ» አለች ትርንጎ። «የሚበላው እነሆ፤ እሱ ለይርዳው ነፍስ ነው፤ አልሰሰትኩም።»

የነፍስ አባትየው ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑት የሚሉ አሉ፤ ኧረ አልሳቁም፣ እየጸለዩ ነበር የሚሉም አሉ።

አሻግሬ ግን «አንቺ ብታዋርጂው እኔ ወንድሙ አለሁ!» ብሎ ሄዶ በራሱ ቤት ሌላ ድግስ ደገሰ። የእሱንም አዝመራ ውርጭ መትቶት ስለነበር፣ ድግሱ የወጣው ከዘር ጎታው ነው። አገሩ በላ፣ ጠጣ፣ መረቀ። ወደ ትርንጎ ቤት የመጡት ካህናቱ፣ ድሆቹና እንስራ ያዘሉት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ገበያ በወጣች ቁጥር «ጎታ አቃፊዋ መጣች» ይሏት ነበር፤ እሷም ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ታልፋለች።

ሰኔ ገባ። ጠጅቱ ገብሱን መለሰች፣ ባሏም ለትርንጎ አረሰላት። የአሻግሬ ማሳ ግን ታርሶ፣ ለስልሶ፣ ዘር አጥቶ ቆመ። ድግሱን የበሉትን ቢለምናቸው «ለራሳችንም አልበቃን» አሉት። ትርንጎ ይህን ከእርሻዋ ጥግ ሆና ስታይ ሰነበተች። ዘሯ የሚበቃው ለእሷው ማሳ ነበር፤ ቢሆንም ከማሳዋ በቁልቁለቱ በኩል ያለውን ጦም ልታሳድረው ቆረጠች፤ ባነሰ መኖር ታውቅበታለችና። ለቁልቁለቱ የያዘችውን ገብስ በስልቻ ቋጥራ ወደ አሻግሬ ደጅ ሄደች።

«ልትስቂብኝ መጣሽ?» አላት አንገቱን እንደደፋ።

«ልስቅ ብመጣ ባዶ እጄን እመጣ ነበር። ይዝሩት አያ፣ ዝናቡ አይጠብቅም።»

እንደሚነገረው አሻግሬ ስልቻውን ተቀብሎ ያንኑ ቀን ዘራው። በዓመቱ ከዘመዶቹ አንዱ ሲሞት፣ ማንም ሳይጠራው ስልቻውን ትከሻው ላይ ጥሎ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰና፣ «ብቅሉ ሳይነከር ዘሩን አውጡት፤ በኋላ የሰው አፍ አያስወጣችሁም» አለ።

ዛሬም ሴቶቹ ከመግባታቸው በፊት የመጀመሪያውን ስልቻ የሚያወጣው የሟች ወንድም ነው፤ ወንድም ከሌለ የቅርብ ዘመድ ያወጣዋል። በጓሮ አያወጣውም። በዋናው ደጅ፣ ለቀስተኛው በተቀመጠበት መካከል ተሸክሞት ያልፋል፤ ሰዉም እግሩን ሰብስቦ መንገድ ይለቅለታል።