የማይሰምጠው መንግሥት እንዴት ተመሠረተ

አንድ ጊዜ፣ እንደማታምኑት ከወዲሁ እምልላችኋለሁ፣ አንድ አንበሳ፣ አንድ ጅብና አንድ ቀበሮ በአንዲት አህያ ተጭነው ባሕር ተሻገሩ። «አህያ ሦስት አውሬ አትሸከምም» የሚል ካለ ልክ ነው፤ አትሸከምም። እመት አህዪትም ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር፣ አፏ ውሃ እስኪሞላ ድረስ ይህንኑ ስትናገር ነበር። የሚሰማት ግን አልተገኘም።

የሚኖሩበት ጫካ በእሳት ተያይዞ ነው ይህ ሁሉ የመጣው። እሳቱም እንደምታውቁት እሳት አይደለም። ጭሱ በሰማይ የሚበረውን ወፍ እያስነጠሰ ያወርዳል፤ ሙቀቱ አዞን ውሃ ውስጥ እንዳለ ይቀቅላል። አራቱ ጎረቤታሞች ነፍሴ አውጪኝ ብለው ባሕሩ ዳር ሲደርሱ፣ ከመካከላቸው ዋና የምትችለው አህያ ብቻ ሆነች።

አንበሳው ጀርባዋ ላይ ወጥቶ አንገቷን እንቅ አድርጎ ያዘ፤ ዓይኑን ጨፈነና «እናቴ ድረሽልኝ! እናቴ!» እያለ ማልቀስ ጀመረ። ጅቡ ቦታ ስላጣ ጭራዋን ነክሶ ከኋላ ተጎተተ። ቀበሮው አንበሳው አናት ላይ ጉብ ብሎ መንገድ ይመራል።

«ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ አልኩሽ!»

«አቶ ቀበሮ፣ እስቲ ወርደው ያሳዩኝ» አለች አህያ።

ቀበሮው ሁለት ማዕበል እስኪያልፍ ጠበቀና «ወደ ግራ!» አለ እንደገና።

የሆነው ሆኖ አንዲት ደሴት ላይ ደረሱ። ደሴቲቱን ደሴት አትበሏት! ሣሩን ግጣችሁ ቀና ስትሉ በቅሎ ይጠብቃችኋል። መካከሏ ላይ አንድ ዛፍ አለ፤ በአንድ በኩል ቅልጥም፣ በሌላ በኩል ሙዳ ሥጋ ያፈራል። ቁጥቋጦው ሥር እጅ ቢሰዱ ትኩስ እንቁላል ነው። ጅቡ ዛፉን ሲያይ ተንበርክኮ ግንዱን ሳመ። አንበሳው ከሙዳው እስኪበቃው በላና እመት አህዪትን አያት። ምራቁን ሳይውጥ ሲያያት በዕድሜዋ የመጀመሪያው ነበር። ለዚህች አንዲት አስተያየት ሲባል፣ አህያ ባሕሩን ሦስት ጊዜ ብትመላለስም አይቆጫትም ነበር። ከደሴቲቱ ውጪ እሷ አሁንም እራት ናት።

በሦስተኛው ቀን ቀበሮው ከፍ ካለው ቋጥኝ ላይ ወጣ።

«አገር አግኝተናል» አለ። «አሁን የሚጎድለን መንግሥት ነው። ስሙን አስቤያለሁ፤ ታላቁ የማይሰምጠው መንግሥት። ንጉሠ ነገሥቱ አያ አንበሶ። የጦር አበጋዙ አያ ጅቦ። ጸሐፌ ትእዛዙ እኔ። እንግዲህ የቀረን ሕዝብ ነው።»

ሦስቱም ዞረው አህያን አዩዋት።

«እኔ እኮ አንድ ነኝ» አለች።

«ለጊዜው ነው» አለ ቀበሮው። «ከጥቂት መጀመር ያለ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ስትመጣ «ሕዝቡ ተሰበሰበ» ይባላል፤ ሣር ልትግጥ ስትሄድ «ሕዝቡ ተበተነ» ይባላል። አንድ ቀን አስነጠሳትና ጅቡ «ሕዝቡ ሸፈተ!» ብሎ ዛፉ ላይ ወጣ።

ቀጥሎ ቀበሮው «መንግሥት ያለ ታሪክ አይቆምም» ብሎ የኮባ ቅጠል ቀደደ፣ በጥፍሩም ጫር ጫር አደረገ። በማግሥቱ ማለዳ ሁሉም ተሰብስበው ታሪኩ ተነበበ። ቀበሮው ቋጥኙ አናት ላይ፣ አንበሳው ከቋጥኙ ሥር፣ ጅቡ ከዛፉ ግንድ ተለጥፎ፣ ሕዝቡ ደግሞ ከውሃው ዳር ቆመ። ሕዝብ ዳር ነው የሚቆመው ተብሏል።

«እኛ ከእሳት አልሸሸንም» እያለ ቀበሮው አነበበ። «እሳቱ ለክብራችን የተለኮሰ ችቦ ነበር። ንጉሣችን አንድ ጊዜ ቢያገሡ ባሕሩ ደንግጦ ጸጥ አለ። የጦር አበጋዛችን ማዕበሉን በክርናቸው ደቁሰው ማረኩት። ጸሐፌ ትእዛዙም በጥበባቸው መንገድ መሩ።»

«እውነት ነው» አለ አንበሳው።

«ክርኔን እስከ ዛሬ ያመኛል» አለ ጅቡ።

«እኔስ?» አለች አህያ።

«አንቺስ ምን?»

«እኔ የት አለሁ?»

ቀበሮው ቅጠሉን አገላበጠ። «አለሽ። ይኸው፤ ‹ጓዝም ነበረ› ይላል።»

«ጓዙማ እናንተ ነበራችሁ!»

«ሕዝቡ ይረጋጋ!» አለ ጅቡ።

እመት አህዪት ሌላም ልትል አፏን ስትከፍት እግሯ ቀዘቀዛት። ወደ ታች ብታይ ውሃው ሰኮናዋን አልብሷል። ጠዋት ስትመጣ ደረቅ መሬት ላይ ነበር የቆመችው።

ታሪኩ በየማለዳው ይነበባል፣ በየማለዳውም ይረዝማል። በአምስተኛው ቀን ባሕሩ ለአንበሳው ይቅርታ ጠየቀ። በሰባተኛው ቀን ደሴቲቱን ራሷን የሠራት ጅቡ ሆነ፤ አፈር በጥርሱ እያመላለሰ። አህያ የምትቆምበት ዳርም በየቀኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ውሃው ከሰኮናዋ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከቁርጭምጭሚቷ ጉልበቷ ደረሰ።

«ጃንሆይ፣ ውሃው እየወጣ ነው» አለች አንድ ማለዳ።

«ሕዝቡ ምን ይላል?» አለ አንበሳው።

«ያጉረመርማል» አለ ቀበሮው ከቋጥኙ ላይ። «እኔ ካለሁበት የሚታይ ውሃ የለም።»

በዚህ መካከል ወይዘሮ ጃርት ከአራት ልጆቿ ጋር በአንድ ግንድ ላይ ተንሳፍፋ መጣች። የሸሸችው ያንኑ እሳት ነው፤ የጀርባዋ እሾህ ግማሹ ተለብልቧል። ደክሟት አሸዋው ላይ ዘፍ እንዳለች፣ በአጋጣሚ ውሃው የአንበሳውን ጭራ ነካ። አንበሳው ዘሎ ተነሣ።

«ውሃ! ማነው ውሃ ያመጣው?»

«እነዚህ ናቸው!» አለ ቀበሮው ወዲያው። «ሲመጡ አይታችሁ የለ? ከበዱባት።»

«እሾሁ ነው እንጂ!» አለ ጅቡ። «ደሴቲቱን ወግቶ ቀደዳት!»

ነገ ማለዳ፣ ታሪኩ ተነብቦ እንዳበቃ፣ ጃርቶቹ ወደ ባሕር ይመለሱ ተብሎ ተፈረደ። ግንዳቸውን ጅቡ አኝኮት ነበር፤ ቅልጥም መስሎት።

ወይዘሮ ጃርት ወደ አህያ ተጠጋች። «እመቤቴ፣ የዚህ አገር ሕዝብ እርስዎ ነዎት?»

«አዎ፣ ሙሉው እኔ ነኝ» አለች አህያ በረጅሙ ተንፍሳ።

«ታዲያ ምን ይሉናል?»

«ምን እላለሁ? እኔ ስናገር ማን ይሰማኛል!» አለችና ብቻዋን በውሃው ዳር ዳር መሄድ ጀመረች። ደሟ ፈልቷል። «ሦስት ውሸታም በጀርባዬ አመጣሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ያኔ ባሕሩ ላይ ልጥላቸው ሲገባ! ምን ላድርግ፣ ጆሮዬ አጭር ነውና ማልቀሳቸውን አልሰማሁም!»

ይህን በምጸት ስትል ውሃው ዘሎ ጉልበቷን መታት።

ቆመች። ግራ ቀኝ አየች።

«ጆሮዬ ረጅም ነው» አለች ቀስ ብላ። ውሃው ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ድምፄ ያምራል» አለች። ውሃው ወጣ። ጠበቀች፤ አልወረደም። «እሺ፣ አያምርም!» ወረደ። ከደሴት ጋር እንዲህ መነጋገር እንዴት እንደሚያናድድ ያላየው አያውቀውም። ቀጥላ «አያ አንበሶ አልቅሷል» አለች። ውሃው ንቅንቅ አላለም። ጥቂት አሰበችና ነገሩ ገባት፤ ውሸቱን የተናገረው ወይም ‹እውነት ነው› ያለው አፍ ራሱ ካልመለሰው ደሴቲቱ አትቀበልም።

በማግሥቱ ማለዳ ገና ሳይነበብ ከዳር ሆና ጮኸች። «ስሙኝማ! ደሴቲቱን የሚያሰምጣት ይህ ታሪካችሁ ነው! በዋሻችሁ ቁጥር ትወርዳለች! ያላችሁትን መልሱ፣ ትነሣለች!»

«ሕዝብ ታሪክ አይገባውም» አለ ቀበሮው፤ ከዚያም ለቀኑ ክብር ሲል ያዘጋጀውን ከሁሉ የረዘመውን ታሪክ ዘረጋ። ሰባት የኮባ ቅጠል ነው።

በመጀመሪያው ቅጠል አንበሳው ከፀሐይ ተወለደ፤ ውሃው አህያን ሆዷ ድረስ ደረሰ። በሁለተኛው ጅቡ በሕፃንነቱ ሥጋ ለድሆች ያካፍል ነበር፤ በዚህ ጊዜ ደሴቲቱ አንድ ሙሉ ክንድ ወረደች። ወይዘሮ ጃርትና ልጆቿ እያለቀሱ አህያ ጀርባ ላይ ወጡ። አምስት ጃርት ጀርባ ላይ! እሾሁን እናንተው አስቡት።

«ኧረ እባካችሁ!» አለች አህያ። «ኧረ አያ ጅቦ፣ ቅልጥምህን እየው!»

ጅቡ ዞር ሲል ውሃው ዛፉ ውስጥ ገብቷል። የታችኛው ቅርንጫፍ ቅልጥሞች ተንሳፍፈው እየሄዱ ነው። ትልቁ፣ ለበዓል ብሎ ያቆየው፣ ከፊት ከፊት ይቀዝፋል።

«ውሸቴን ነው!» ብሎ አለቀሰ ጅቡ። «ማዕበል አልማረኩም! ጭራዋን ነክሼ ነው የመጣሁት! ሥጋም ለማንም አካፍዬ አላውቅም፣ ወደፊትም አላካፍልም!»

ደሴቲቱ ጓ! ብላ ሁለት ክንድ ተነሣች። ጅቡ ቅልጥሙን ያዘ።

አንበሳው ይህን አየና ውሃ ውስጥ የገባውን ጎፈሩን ጨመቀ። «እኔም…» አለ። «እኔም አላገሣሁም። አለቀስኩ።» ደሴቲቱ ከፍ አለች። «ግን ትንሽ ነው።» ደሴቲቱ ዝቅ አለች።

«ጃንሆይ!» አለች አህያ ጥርሷን ነክሳ።

«እሺ ብዙ! ብዙ አለቀስኩ! ‹እናቴ› ብያለሁ! ረካችሁ?»

ደሴቲቱ ሦስት ክንድ ተነሣች።

ቀበሮው ግን አሁንም ያነብባል። አምስተኛው ቅጠል ላይ ነው። «እነዚህ ከሃዲዎች በጠላት ተገዝተው…» ሲል ደሴቲቱ እንደ ድንጋይ ወረደች። አህያ ከነጃርቶቹ መዋኘት ጀመረች፤ አንበሳው አንገቷ ላይ፣ ጅቡ ጭራዋ ላይ፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን። ውሃው ቋጥኙን ከብቦ፣ ወጥቶ፣ ቀበሮውን አገጩ ላይ ደረሰ። ቅጠሎቹ አንድ በአንድ ተንሳፍፈው ሄዱ።

«እመት አህዪት!» አለ ቀበሮው። «ነይ ተሸከሚኝ!»

«ቦታ የለኝም። መንገዱን የመሩት እርስዎ ነዎት?»

«ወደ ግራ ብያለሁ!»

ይህ እውነት ስለሆነ ደሴቲቱ አልተነቃነቀችም።

«ደሴቲቱስ በየት በኩል ነበረች?»

ውሃው የቀበሮው አፍንጫ ሥር ደረሰ።

«አቶ ቀበሮ፣ በየት በኩል?»

«በቀኝ!» ብሎ ጮኸ። «በቀኝ ነበረች! መንገድ አልመራሁም! ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ! ችቦውንም! ፀሐዩንም! ጓዙንም!»

ደሴቲቱ እንዲያ ስትነሣ ታይቶ አይታወቅም። ከባሕሩ ተፈናጥራ ወጥታ ተራራ ሆነች፤ ደመናው የጅቡን ዛፍ ጫፍ አረጠበው፤ አሣዎች ሣሩ ላይ እየዘለሉ «ምን ሆነን ነው?» ተባባሉ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጎፈርና ፀጉሩን ፀሐይ ላይ አሰጣ። ጃርቶቹን ስለ ማባረር ያነሣ አልነበረም። ሕዝቡም ስድስት ሆነ። ቀበሮው በአዲስ ቅጠል ላይ አዲስ ታሪክ ጻፈ፤ «ሸሽተን መጣን። አህያ አሻገረችን።» ይላል፣ በቃ። ሲነበብ አህያ እግሯን አየች። ደረቅ ነው። ጆሮዋን ጣል አድርጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቆጣ ሣር ጋጠች።

ቀበሮው ግን ልማዱ አልለቀቀውም። ቀስ ብሎ ወደ ቋጥኙ ወጣ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼስ ታሪክ ያለ ትምህርት አያምርም» አለ። «እኔ ጥበበኛው ጸሐፊያችሁ…»

ከታች ባሕሩ ጓ አለ።

«ኧረ ዝም በል!» ብለው ሁሉም ባንድነት ጮኹ፤ ወይዘሮ ጃርትም እሾኋን አቆመች። ያኔ ጅቡ፣ በሕይወቱ አስቦ የማያውቀው ጅብ፣ ቅልጥሙን ካፉ አውጥቶ እንዲህ ብሎ አፈረጠው፦

«ከዚህ የምንማረው፣ የአገር ታሪክ የሚጽፍልን ሁሉ ዋና የማይችል፣ የሚቆመውም ከውሃው ዳር መሆን እንዳለበት ነው!»