ያልተነፋው ጥሩንባ

አንድ ጥሩንባ ነፊ ነበረ። ቁጭ በይ ወይንእሸት፤ የጠየቅሽኝን የምመልስልሽ በእሱ ነው። «ጋሽ ድንበሩ፣ ጤና ጣቢያችን በጉንፋን ሕመምተኛ ተጥለቅልቋል፤ ግን የንግሡ በዓል ደርሷልና ሪፖርቱን ከበዓሉ በኋላ ብልከው ምን አለበት? በጉንፋን ማን ይሞታል?» ነው ያልሽኝ? እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከየጤና ጣቢያው የሚመጣውን የጉንፋን ወሬ ስሰበስብ የኖርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ያንገበግበኛል። ግን ልጄ ነሽና አልቆጣሽም፤ ብቻ አድምጪኝ።

ሰውየው የሚኖርበት አገር ተራራማ ነው። በየተራራው አንድ መንደር፣ በየመንደሩ አንድ ጥሩንባ ነፊ አለ። ሰው ሲሞት ረጅም ይነፋል፤ ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። እነሱ ግን ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። ብርዱ ጠንቶ ሳልና ትኩሳት ቤት ለቤት መግባት ሲጀምር አጭር አጭር አድርጎ ይነፋል። ያን የሰማ ተራራ ገበያውን ይበትናል፣ እንግዳ አያስገባም፣ አራስና ሽማግሌን ከሰው ይለያል። ቆላ ያሉት የአገሩ ሽማግሌዎችም ድምፁ ከየት ከየት እንደሚመጣ እያዳመጡ፣ በሽታው ዛሬ የት እንዳለ፣ ነገ ወዴት እንደሚዞር ያውቁ ነበር። ዝም ያለውን ተራራ «እዚያ ደህና ናቸው» ብለው ያልፉታል። ዝምታም ወሬ ነው፣ ልብ በይ።

ጥር ገባ። ሰውየው አንዲት ልጁን ለማዶው ተራራ ሊድር ደግሷል። ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ታስሮ፣ ሙሽራው ሚዜዎቹን ይዞ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው መንደሩ ማሳል ጀመረ። ሚስቱ ጥሩንባውን ከግድግዳው አውርዳ ሰጠችው።

«ንፋ እንጂ ሰውዬ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«አብደሻል እንዴ? አሁን ብነፋ ማዶዎቹ መንገድ ይዘጋሉ። ይሄን ሁሉ ድግስ ለጅብ ላብላ? ልጄስ ሠርጓ የፈረሰባት ተብላ ትቅር? ጉንፋን ነው እኮ! ሠርጉ ይለፍና እነፋለሁ።»

ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። በእኛ ወግ ደስታ ባለበት ቤት መጥፎ ወሬ አይነገርም፤ መርዶ እንኳ የሚረዳው ሰው እንቅልፉን ተኝቶ እስኪነጋ ይጠበቅለታል። እሱም የሳተው ያን ወግ ይዞ ነው። መርዶ ቢቆይ ሟቹ አይጎዳም፣ አንዴ ሞቷል። አጭሩ ጥሩንባ ግን የሚነፋው ገና ላልታመሙት ነበር።

ሠርጉ ደመቀ። ሚዜዎቹ ከሚያስሉት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፈው ጨፈሩ፣ ከአንድ ዋንጫ ተቀባብለው ጠጡ፣ ሙሽራዋን በበቅሎ አስቀምጠው እየዘፈኑ ተሻገሩ። ማዶም ሲደርሱ አገር ምድሩ ሊያያት ወጣ። አራሷም፣ አሮጊቷም፣ ሁሉም ጉንጯን ሳመ። ማን ይከልክላቸው? ጥሩንባ አልሰሙማ!

ሚስቱ ደግማ ብትነግረው «መልሱ ይለፍና» አላት። የመልሱ ቀን ሙሽሮቹ አልመጡም። ከማዶ ጥሩንባ ተሰማ፤ ረጅም ነው። ዝም ይልና ደግሞ ይነፋል፣ ዝም ይልና ደግሞ ይነፋል።

ጎህ ሲቀድ የሙሽራው አባት ከጥቂት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላውን አዘቅዝቆ ደጁ ላይ ቆመ። ሰውየው ገና ሲያያቸው ገባውና መሬት ወደቀ። ሙሽራዋ ሞታለች። የሳሟት አሮጊቶችም፣ አራሷም ከነልጇ ሞተዋል። አልቅሰው አልቅሰው ሲደክማቸው የሙሽራው አባት ጠየቀው።

«ወንድሜ፣ ሳሉ እናንተ ዘንድ መቼ ነው የገባው?»

«ከሠርጉ በፊት።»

«ታዲያ እኛ ምነው አልሰማን? ጥሩንባህ ተሰብሮ ነበር?»

ሰውየው ቀና ብሎ ግድግዳውን አየ። ጥሩንባው ሚስቱ መልሳ እንደ ሰቀለችው ነው፤ ምንም አልሆነም። ተነሥቶ አወረደውና ወደ ደጅ ወጣ። ያን ጧት ነፋው፤ ረጅም አድርጎ፣ ለገዛ ልጁ።

እንግዲህ ወይንእሸት፣ ጥሩንባው ያለው በአንቺ እጅ ነው። ሪፖርትሽ የታመሙትን መርዶ የሚያረዳ አይደለም፤ ንግሡን ሊሳለሙ ስንቅ ለሚቋጥሩት፣ ገና ላልታመሙት የሚነፋ ነው። ዝም ካልሽ ወረዳ ያሉት «እዚያ ደህና ናቸው» ብለው ያልፉሻል፤ በየአቅጣጫው የሚመጣው ሕዝብም ተቃቅፎ ይሳሳማል፣ ሳሉንም ተካፍሎ በየአገሩ ይገባል። በዓሉ ተበላሸ ብለው ይቆጡሽ ይሆናል። ይቆጡሽ! «እናቴም ለንግሡ ትመጣለች» ያልሽኝ አንቺው አይደለሽ? ስልኩ ያውልሽ። ንፊ።