ሲንሸራተት የሚያስተካክለው አህያ

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ይቀበላት።

አንድ አህያና አንዲት በቅሎ ማር የሞላ እንስራ ተጭነው አመሻሽ ላይ ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። በቅሎዋ መታጠፊያው ጋ ሳትደርስ አንገቷን አስግጋ መንገዱን ታያለች፤ ፍጥነቷንም ቀድማ ትቀንሳለች። አህያው ይህን ባየ ቁጥር በሳቅ ይፈርሳል።

«እቴ! ያልመጣ ገደል ምን ያስፈራሻል? እኔ እግሬ ሲንሸራተት ያኔ አስተካክላለሁ። ሜዳውን ሁሉ የጨረስኩት እንዲሁ ነው» አላት።

«ሜዳማ ታግሦህ ነው፤ ቁልቁለት አይጠብቅህም» አለችው።

አህያው አናፋባትና ቀድሟት ሄደ። መታጠፊያው ላይ እግሩ ወደ ግራ አዳለጠው፤ ፈጥኖ ወደ ቀኝ ተመለሰ። ጭነቱ ግን ዘግይቶ ተከተለውና ይብሱን ወደ ቀኝ ገፋው። ደንግጦ ወደ ግራ ተወረወረ። ባስተካከለ ቁጥር መወዛወዙ ባሰበት፤ በመጨረሻም እንስራው ተሰብሮ፣ እሱም ማር ተለቅልቆ፣ ከገደሉ ሥር ቁጥቋጦ ውስጥ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ሰቅሎ ተቀረቀረ።

በቅሎዋ ቀስ ብላ መታጠፊያውን ዞረች። አህያው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሚመጣው ነገር ጠየቀ፦

«እባክሽ እህቴ፣ ከዚያ ላይ ሆነሽ ምን ይታይሻል?»

በቅሎዋ አሻግራ አየች።

«ጅብ» አለችውና መንገዷን ቀጠለች።

ተረቴን እኔ አራገፍኩ፤ ጫንቃ ያለው ይሸከማት።