የጳጉሜን ሁለት ደብዳቤ

አንድ ቀን፣ ጳጉሜን በገባች በማግስቱ፣ ኢንጂነር ልዑልሰገድ ፊርማው ገና ያልደረቀ ደብዳቤ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወደ መዝገብ ቤት ወረደ። ደብዳቤ ማድረስ የእሱ ሥራ አይደለም፤ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው። ይህችን ግን ለሌላ ሰው አልሰጥም ብሏል። የጋሽ ገላነውን ፊት ማየት ፈልጓል።

ጋሽ ገላነው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ ራሳቸውን አስተምረው፣ ለሚወጣና ለሚገባ ደብዳቤ ሁሉ ቁጥርና ቀን የሚሰጥ ፕሮግራም ሠሩ። መልኩ አያምርም። በጥቁር ላይ አረንጓዴ ፊደል ነው፤ ማውዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ግን ቁጥር ስጥ ሲሉት ይሰጣል። በዚያ መሥሪያ ቤት ደግሞ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንኳን ሰው ወንበር አያዛውርም።

ኢንጂነሩ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰሞን ፕሮግራሙን አይቶ ሳቀ።

«ይህ የተጻፈበት ቋንቋ እኮ ዛሬ የትም አይሠራበትም» አለ።

«እዚህ ይሠራበታል» አሉ ጋሽ ገላነው።

ጥቅምት ላይ አዲስ ፕሮግራም አመጣ። ሠራተኛው ሁሉ ሦስት ቀን ሠለጠነ፤ ብስኩትና ውሃ ታደለ፤ ሰርተፍኬት ተሰጠ። ጥር ላይ «ያኛው እኮ አርጅቷል፤ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ትተውታል» ብሎ ሁለተኛ አመጣ። እንደገና ሥልጠና፣ እንደገና ብስኩት። ሰኔ ላይ ሦስተኛው መጣ። ታይፒስቷ ፋንታነሽ ግድግዳው ላይ የመታችውን ሚስማር ሳትነቅል ሰርተፍኬቱን ብቻ ሁለቴ ቀየረች። አንዱ እስኪወጣ፣ ሌላው እስኪገባ፣ ሥራውን የሚሠራው ያው አረንጓዴው ነበር።

ደብዳቤው እንግዲህ እንዲህ ይላል፤ አሮጌው ፕሮግራም ለሥራ የማያገለግል በመሆኑ ከዛሬ ጀምሮ ከኮምፒውተሩ ይጥፋ፤ አቶ ገላነውም ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወሩ። ዕቃ ግምጃ ቤት የሚሉት የተቀደደ ጎማና እግር የሌለው ወንበር የተከመረበትን የቆርቆሮ ቤት ነው። ጋሽ ገላነው ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። እሱን ሁለት ዓመት ጎማ ሲጠብቁ ሊጨርሱት ነው።

«አይክፋዎት ጋሽ ገላነው» አለ ኢንጂነሩ ደብዳቤውን እያቀበላቸው። «የቴክኖሎጂ ነገር ነው። ከሰው ጋር አይገናኝም።»

ጋሽ ገላነው መነጽራቸውን ወለወሉና አነበቡት። ደግመውም አነበቡት። ፋንታነሽ መጻፏን አቆመች።

«የዋና ኃላፊዋ የወይዘሮ ማንያህልሻል ፊርማ ነው። አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ቁጥር ግን የለውም።»

«ለዚሁ አይደል ይዤው የመጣሁት። በአዲሱ ያውጡለት።»

«ደስ ይለኛል» ብለው አዲሱን ከፈቱት። ቀን ጠየቃቸው፤ ሁለት ብለው ጻፉ። ወር ጠየቃቸው፤ ዐሥራ ሦስት ብለው ጻፉ። አዲሱ ቀይ ሆነ። ወር ማለት ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ብቻ ነው አለ።

«ቆይ፣ ይነሡልኝ» ብሎ ኢንጂነሩ ራሱ ተቀመጠ። ዐሥራ ሦስት። ቀይ። በፊደል «ጳጉሜን» ብሎ ጻፈ። ይባስ ቀላ።

«አይጨነቁ ኢንጂነር» አሉ ጋሽ ገላነው ከኋላው ቆመው። «ልጅነት ነው። የእኔም በመጀመሪያ ዓመቱ እንዲሁ አድርጎኛል። አምስት ቀን ሙሉ አንድ ደብዳቤ አላወጣም ብሎ ጉድ ሠርቶኛል። የጳጉሜንን አምስት ቀን ለመደልኝ ስል ደግሞ ስድስት ሆነችበትና ደነገጠ። እንደዚህ እንደዚህ እያለ ነው ያደገው። የእርስዎዎቹ ዕድል የላቸውም እንጂ፤ እስከ ዛሬ አንዱም ጳጉሜንን እስኪያይ አላቆዩትም።»

ፋንታነሽ ሳቋን ሳል አስመሰለችው። በሩ ላይ ሁለት ሦስት ሰው ፋይል የሚፈልግ መስሎ ቆሟል።

«መስከረም አንድ ይበሉትና ያውጡት» አለ ኢንጂነሩ።

«ደብዳቤው ከዛሬ ጀምሮ ነው የሚለው። ደግሞስ ዕንቁጣጣሽ ዕለት ቢሮው ዝግ ነው። ኃላፊዋ ከየት መጥተው ፈረሙ ሊባል ነው?»

«እንግዲያው በእጅ ይጻፉበት።»

«በእጅ ቁጥር የሰጠ ሠራተኛ ይቀጣል የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ አለ። ከታች የፈረመውን ሰው እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም።»

በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ማስታወቂያው እንዲታይ ትንሽ ፈቀቅ አሉለት። ኢንጂነሩ አላየም። ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ፤ ወንበሩን ለጋሽ ገላነው ለቀቀና ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እሺ ጋሽ ገላነው፣ እንዲያው ለዛሬ ብቻ፣ ይህችን አንዷን በአሮጌው ያውጡልኝ።»

ጋሽ ገላነው ተቀመጡ። እጃቸውን ወደ ኪቦርዱ ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ኢንጂነር፣ ደብዳቤዎ አሮጌው ለሥራ አያገለግልም ይላል። አሮጌው ቁጥር ከሰጠው፣ ደብዳቤዎ ውሸት ሆነ። ካልሰጠው ደግሞ ወረቀት ነው እንጂ ደብዳቤ አይደለም። የቱን ልስጥዎት?»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን ይዞ ወደ ላይ ተመለሰ። ወይዘሮ ማንያህልሻልም ጉዳዩን እስከ መጨረሻው ሰሙና ጥጉ ላይ «ይታይ» ብለው መሩበት፤ ይኸው ዓመት ሊሞላው ነው፣ እየታየ ነው።