ሐኪሙ የጠረገው መስመር

ላቀው የሚባል ጎልማሳ የሚስቱ የጡት ካንሰር ኦፕራሲዮን፣ መጀመሪያ ኤምአርአይ በሚባለው የሥዕል መሣሪያ ትታይ ተብሎ፣ በሳምንት ቢራዘምበት ተብሰከሰከ። «እብጠቱ በእጅ እየተዳሰሰ ሌላ ሥዕል ለምን ያስፈልጋል?» ብሎም ጡረታ የወጡትን ነርስ ሲስተር ወርቅነሽን ጠየቃቸው። እሳቸውም አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲህ ሲሉ መለሱለት።

አንድ ቀዶ ሐኪም ነበረ። ሙያውን የተማረው ምርመራው ሁሉ በእጅና በዓይን በነበረበት ዘመን ነውና በጣቶቹ ይመካ ነበር። ተማሪዎቹንም «ጣት ካስተዋለ የማያገኘው የለም» ይላቸው ነበር። እውነትም በእነዚያ ጣቶች ብዙ ሰው አድኗል።

አንድ ቀን አንዲት ገበሬ ወደ እሱ መጣች። ግራ ጡቷ ውስጥ ባቄላ የምታህል እብጠት ነበረች፤ በመርፌ ተወስዳ ስትመረመር ካንሰር መሆኗ ተረጋገጠ። ሐኪሙ ዳሰሳትና «በጊዜ መጥተሻል። እብጠቷን ብቻ አወጣለሁ፤ ጡትሽ ይተርፋል» አላት። ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ ይህንኑ ለልጆቿ ነገረች፤ ከስንት ቀን በኋላም እህል ቀመሰች።

የጡቷን ራጅ፣ ማሞግራፊውን፣ ያየችው ወጣት የራጅ ሐኪም ግን ለቀዶ ሐኪሙ ወረቀት ላከች። «ጡቷ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ይህ ሥዕል ሁሉን አያሳይም። አስቀድመን በኤምአርአይ ብናያት» ይላል። አንብቦ ኪሱ ከተተው። ክፋት ኖሮበት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጁ በትናንት ልጅ መጠርጠሩ ቆጥቁጦት ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት ወደ አልጋዋ መጣና የሚቀድበትን ቦታ በቀለም አሰመረ። ሴትዮዋ ይህን እያየች፣ «ዶክተር፣ ሥዕሌን ያየችው ልጅ ሌላ ምርመራ ይቀርሻል ብላኝ ነበር። ቀረ እንዴ?» አለችው።

«በጣቴ አግኝቼዋለሁ እኮ» አላት።

ሴትዮዋም፣ «እኛ ቤት ምስጥ ገብቶ ነበር» አለች። «ባለቤቴ የተበላውን ምሰሶ ነቅሎ ሌላ ተከለ። የቀረውን ግን ምርጊቱን ልጦ አላየውም። ክረምት ሲገባ ባላየው በኩል ተደረመሰ። እርስዎ ያገኙትን ነገሩኝ። ጣትዎ የማይደርስበትስ?»

ተማሪዎቹ ከሐኪሙ ኋላ ቆመው ይሰማሉ፤ ፊቱ ጋለ። «የለም፣ አትስጊ» ቢላት አምናው ኦፕራሲዮን እንደምትገባ ያውቃል። ይህን ማወቁ ነው ይበልጥ የከበደው። ከዚያ ጥጥ አልኮል ውስጥ ነከረና ያሰመረውን በገዛ እጁ ጠረገው።

«ዛሬ ኦፕራሲዮን አንገባም» አላት። «መጀመሪያ እንየው።»

ኤምአርአይ ተነሳች። ከእብጠቷ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብላ፣ ወደ ጎድን ጠልቃ፣ ምስር የምታህል ሌላ ነጥብ ታየች። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር እሷም ካንሰር ሆና ተገኘች። አንጋፋው ሐኪም ወደ ወጣቷ ክፍል ራሱ ሄደ፤ ሥዕሉን ፊታቸው አድርገው ከየት ገብቶ እስከ የት እንደሚያወጣ ተማከሩ። በአዲሱ ቀጠሮ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አወጣቸው። የወጣው ሥጋ ዳር ዳሩ ሲመረመር ንጹሕ ነበር፤ ጡቷም ተረፈ። ሴትዮዋ የቀረውን ሕክምና ጨርሳ ወደ እርሻዋ ተመለሰች። ሐኪሙም ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹን መዳሰስ ካስተማራቸው በኋላ ሥዕል ማየትም ያስተምራቸው ጀመር።

ሲስተር ወርቅነሽ ይህን ተናግረው ወደ ላቀው ዞሩ።

«የሚስትህም ነገር እንዲሁ ነው፣ ልጄ። ሥዕሉ አዲስ ነገር ላያሳይ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሐኪሙ ያሰበውን ልቡ ሞልቶ ይሠራል። አንድ ነገር ቢያሳይም ቀድሞ መታወቁ ለእሷ ነው የሚበጃት፤ ዳግመኛ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ላትተኛ ትችላለች። ሳምንት ጠብቁ ያላችሁ ሐኪም ቸል ያላት እንዳይመስልህ። እሱም እንደዚያ ሰው፣ ሳላይ አልነካም ማለቱ ነው። አሁን ሂድና ንገራት። በደረቷ ተደፍታ ትተኛለች፤ መሣሪያው ይንኳኳል እንጂ አያምም። አንተም እስክትወጣ በሩ ላይ ጠብቃት።»