እንስራ የተደፋበት ደጅ

በሸንበቆ አፋፍ ሐዘን የደረሰበት ሰው ደጁ ላይ እንስራ ከደፋ፣ ጎረቤት ከአጥሩ ውጭ ይቀመጣል እንጂ እንስራው እስኪቃና ድረስ አንዳች ሊሠራለት ወደ ግቢው አይገባም። የሌላ አገር ሰው ይህን ሲያይ ይታዘባል፤ ለሐዘንተኛ የማይደርስ ምን ጎረቤት ነው ይላል። ሽማግሌዎቹ ግን ልማዱ የመጣው ከደግነት ብዛት ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ስንዱ የተባለች አንዲት ልጅ ነበረቻት። ስንዱ ማዶ አገር አክስቷ ዘንድ ከርማ ስትመለስ፣ በዚያ መንደር ማንም የማያውቀውን የኮክ ዘር ይዛ መጣች፤ አንድ በሬ ቢተኛባት በምትሞላው ጓሯቸውም ተከለችው። በጥር ቅጠሉን ሁሉ ጥሎ ራቁቱን እንደሚያብብ፣ ያን ጊዜ እንዳትደነግጥ ለእናቷ ነገረቻት። በዓመቱ ስንዱን ንዳድ ያዛትና በሳምንት ውስጥ ሞተች። ለዘርፌ ከልጇ እጅ የቀራት ያ ችግኝ ብቻ ስለሆነ፣ አበባውን ሳላይ አልሙት ብላ ተሳለች።

ሐዘንተኛን ባዶ እጅ መጠየቅ ነውር ነውና፣ አንዷ አተላ አምጥታ ከሥሩ ደፋች፣ ሌላዋ ትኩስ ፍግ ከመረች፣ ሌላውም ሥሩ እስኪታይ ኮተኮተው። ዘርፌ እንደሚጎዳው እያወቀች ይሉኝታ ይዟት «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ከሸኘቻቸው በኋላ ግን አተላውን በእጇ እየዛቀች ታለቅሳለች። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ መጥረቢያ እንደሚገባ ግን የነገራት አልነበረም።

በአራተኛው ዓመት ጥር ላይ ዛፉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጠሉን ሁሉ አራገፈ፤ ቅርንጫፎቹም ላይ ጠጉር የለበሱ እንቡጦች አበጡ። በዚያው ሰሞን አያ ደምለው መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። የስንዱን መቃብር በጾም አፋቸው የቆፈሩት እሳቸው ነበሩ።

«ደርቆብሻል እኮ ልጄ። ከላይ ካልተቆረጠ ከሥሩ አያቆጠቁጥም» አሏት።

«ስንዱ እንዲህ ነው ብላኝ ነበር» አለች ዘርፌ በቀስታ።

«ልጅ ምኑን ታውቀዋለች፣ ነፍስ ይማር» አሉና መቁረጥ ጀመሩ።

ስታለቅስ አይተው ልጇን ያስታወሰች መስሏቸው አብረው አለቀሱ። የልጇን ጉድጓድ የቆፈረ እጅ በምን አቅሟ ትያዝ? እንዲያውም ቅርንጫፉ እንዳይመታቸው እሷው ይዛላቸው ቆመች ይባላል፤ ሲጨርሱም «እግዜር ይስጥልኝ» አለቻቸው።

በስድስተኛው ቀን ማለዳ አያ ደምለው በዚያ ሲያልፉ፣ ከአጥሩ ሥር የጣሉት ቅርንጫፍ ሁሉ ጤዛ እንደመታው፣ መሬት ላይ እንደተጋደመ አብቦ አገኙት። ዘርፌ መካከሉ ተቀምጣለች። ሽማግሌው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ።

«ምነው ሳትከለክይኝ?»

«በምን አፌ፣ አያ ደምለው?»

ጉቶው አላቆጠቆጠም። ዘርፌም አፏ እምቢ ማለት ስላልቻለ እንስራው እምቢ ይበልልኝ ብላ በዚያው ዕለት ደጇ ላይ ደፋችው ይላሉ። ዛሬ እንስራ በተደፋበት ደጅ ቀድመው የሚደርሱት ከአያ ደምለው የሚወለዱት ናቸው፤ እጃቸውን አጣምረው ከአጥሩ ውጭ ይቀመጣሉ፣ የሚጠራቸው ባይኖርም እስኪመሽ አይነሱም።